ከዱም የተጣለውና በዱም ውስጥ የተሰወረው

ዱም የሚባለው የተኩስ ጨዋታ በቴክሳስ ምድር ተሠርቶ ለዓለም ከተሰጠ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስለ ዝናው፣ ስለ ደም ማፍሰሱ፣ ወላጆችንና የሕግ ሰዎችንም ስለ ማስቈጣቱ ብዙ ተጽፏል። የእኔ ትረካ ግን ተጫዋቹ ፊት ለፊት የሚያየውን ትቶ፣ ሠሪዎቹ አስበው የጣሉትን፣ ሠርተው የደበቁትንና ሳያውቁ የተዉትን ይከተላል፤ ይህ ጨዋታ የቀድሞው ጽሕፈት ተፍቆ ሌላ እንደ ተጻፈበት ብራና፣ አስተውሎ ለሚመረምረው ሰው ከላዩ ንባብ በታች ሌላ ንባብ አለበትና።

ነገሩ የሚነሣው ከሉዊዚያና ነው። በሽሪቭፖርት ከተማ ሶፍትዲስክ በሚባል ድርጅት ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ አራት ወጣቶች፣ ማለት ጆን ካርማክ፣ ጆን ሮሜሮ፣ ቶም ሆልና አድሪያን ካርማክ (ሁለቱን ካርማኮች ስም እንጂ ሥጋ አያዛምዳቸውም)፣ ሌሊቱን ከቀኑ አስተባብረው በደከሙት ድካም በ1990 ዲሴምበር «ኮማንደር ኪን» የተባለውን ጨዋታ አወጡ፤ ይህና ከዚህ በታች የሚመጣው የዓመት ቍጥር ሁሉ፣ በእኛ አቈጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር፣ የአውሮጳውያኑ ነው። ኪን የወንድሙን የራስ ቍር ደፍቶ በገዛ እጁ በሠራው መርከብ ወደ ማርስ የሚበር የስምንት ዓመት ሕፃን ሲሆን፣ ጠባዩንም ታሪኩንም የፈጠረለት ቶም ሆል ነበር። አንባቢ ይህን ሕፃን ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ በክፉ ቦታ እናገኘዋለን።

በ1991 ፌብሩዋሪ 1 ቀን አራቱ ኢድ ሶፍትዌር የተባለውን የራሳቸውን ድርጅት መሠረቱ፤ በ1992 ሜይም ከናዚዎች ምሽግ የሚያመልጠውን እስረኛ ታሪክ የያዘውን «ዎልፈንስታይን 3ዲ» አወጡና፣ ተጫዋቹ በጀግናው ዐይን እያየ የሚተኵስበትን የጨዋታ ዓይነት ዓለም እንዲለምደው አደረጉ። ከዚያም ከዳላስ አጠገብ ባለችው በሜስኪት ከተማ፣ ታውን ኢስት ታወር በሚባል ጥቍር መስተዋት በለበሰ ሕንጻ ውስጥ ከተሙ።

የሚቀጥለው ሥራቸው ምን ይሁን ሲሉ በመጀመሪያ ያሰቡት «ኤሊየንስ» የተባለውን ፊልም ወደ ጨዋታ ለመለወጥ ነበር፤ ከፊልሙ ባለቤት ከትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ ጋርም ተነጋግረው ነበር። ነገር ግን በሌላ ሰው ንብረት ላይ የሚሠራ ሰው በገዛ ሥራው ላይ ጌታ እንደማይሆን ስላወቁ አሳቡን ተዉት፤ በምትኩም ከራሳቸው ማዕድ የተገኘውን አነሡ። ጆን ካርማክ ለጓደኞቹ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ዳይስ እየተጣለ በቃል የሚካሄደውን ጨዋታ ይመራላቸው ነበርና፣ ከዕለታት አንድ ቀን ሮሜሮ ዳይካታና የሚባል ብርቱ ሰይፍ ለማግኘት ሲል ለአጋንንት ሊሰጥ የማይገባውን መጽሐፍ አሳልፎ ሰጠ፤ ከዚህም የተነሣ ሠራዊተ አጋንንት ካርማክ በብዙ ድካም የገነባውን ዓለም ወርሮ አጠፋው፤ ጨዋታውም በዚያው ተፈጸመ። አንድ ሰው ለአንድ ሰይፍ ብሎ ያጠፋው ያ ዓለም ለአዲሱ ሥራ ፍሬ ነገር ሆነ፤ ሲኦል በሮቿን ከፍታ፣ ሳይንስ በተራቀቀበት ዘመን በሰው ልጅ መሣሪያ ላይ ብትነሣስ? ስሙን ያወጣለት ካርማክ ሲሆን፣ ያገኘውም «ዘ ከለር ኦፍ መኒ» ከተባለው የ1986 ፊልም ነው፤ በዚያ ውስጥ ወጣቱ የቢሊያርድ ተጫዋች በሣጥኑ ውስጥ ምን እንደያዘ ሲጠየቅ ፈገግ ብሎ የሚመልሰው ቃል ይኸው «ዱም» ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው የተጣለ ነገር የሚወለደው በዚህ ጊዜ ነው። ቶም ሆል የድርጅቱ ባለ ታሪክና ባለ ሕልም ስለነበረ፣ በ1992 ኖቬምበር መጨረሻ ቁጭ ብሎ የጨዋታውን ጠቅላላ ሐተታ ጻፈ፤ ስሙንም «የዱም መጽሐፍ ቅዱስ» አለው። (የስሙ ድፍረት የእርሱ ነው፤ እኔ እንዳገኘሁት አስተላለፍሁት እንጂ።) በዚያ ጽሑፍ መሠረት ታሪኩ የሚፈጸመው ቴይ ቴንጋ በምትባል ጨረቃ ላይ ባለ የጦር ሰፈር ሲሆን፣ ወታደሮቹ በጠረጴዛ ዙሪያ ካርታ እየተጫወቱ ሳለ ድንገት ብርሃን ይበርቅና አጋንንት ይፈሳሉ። ተጫዋቹም ከብዙ ጀግኖች መካከል የሚወደውን ይመርጣል፤ ሎሬላይ ቼን፣ ዲሚትሪ ፓራሞ፣ ቲ ባሬት፣ ፔትሮ በሚል ቅጽል የሚጠራው ጆን ፒዬትሮቪች፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ ነበራቸው። ከነዚህ ጋር ቡዲ ዳኮት የሚባል አንድ ምስኪን ተጨምሮ ነበርና፣ የሁለተኛው ስሙ ፊደላት በእንግሊዝኛ «በዚህ ምዕራፍ መጨረሻ ይሞታል» የሚለው ዐረፍተ ነገር መነሻ ፊደላት ነበሩ። ከመሣሪያዎቹም መካከል ከአጋንንት አጥንት የተሠራ፣ አጋንንትንም የሚያጠፋ አንድ መሣሪያ ነበር፤ ስሙ አንሜከር ነው።

ይህን ሐተታ ዛሬ የሚያነብ ሰው ሆል የጻፈው የጨዋታ ንድፍ ብቻ ሳይሆን የልብ ወለድ መነሻም እንደ ሆነ ይገባዋል፤ ጠቡም የመጣው ከዚሁ ነው። ካርማክ ለታሪክ ግድ አልነበረውም፤ በእርሱ ዘንድ ታሪክ በእንዲህ ያለ ጨዋታ ውስጥ ቢኖር የማይከፋ፣ ባይኖርም የማይጐድል ነገር ሲሆን፣ የሚያሳስበው ግን በዚያ ዘመን በነበረው ደካማ ኮምፒውተር ላይ የግድግዳውን ከፍታና ዝቅታ፣ የብርሃኑን ድምቀትና ፍዘት እንዴት አድርጎ በፍጥነት ለዐይን እንደሚያሳይ ነበር። ሆል በበኩሉ የሚሠራቸውን ደረጃዎች እውነተኛ የጦር ሰፈር እንዲመስሉ አድርጎ፣ ጽሕፈት ቤቱን ከነጠረጴዛው፣ ዕቃ ቤቱን ከነሣጥኑ ያሰናዳ ጀመር። እውነተኛ ሰፈር ደግሞ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወለሉ የተስተካከለ፣ ክፍሉም እንደ ማንኛውም ጽሕፈት ቤት አሰልቺ ነውና፣ የካርማክ ጥበብ በዚያ ውስጥ የሚታይበት ስፍራ አጣ። ሮሜሮም ይህን አይቶ፣ ምንን እንደሚመስል ለማንም የማያስረዳ፣ ነገር ግን ጣሪያው ከፍ ብሎ የሚያስደነግጥ፣ ከብርሃን ወደ ጨለማ የሚያሸጋግር፣ በመስኮቱ ውጪው የሚታይበት አንድ ስፍራ ሠርቶ ባሳያቸው ጊዜ፣ ጨዋታው የሚሄድበት መንገድ ተቈረጠ።

በ1993 ፌብሩዋሪ፣ ኤፕሪልና ሜይ የተዘጋጁት የሙከራ ቅጂዎች እስከ ዛሬ ስላሉ፣ ይህ ለውጥ እንዴት እንደ ሄደ በዐይናችን መከታተል እንችላለን። በፌብሩዋሪው ቅጂ ተጫዋቹ ዓለሙን የሚያየው በራስ ቍሩ መስተዋት ውስጥ ነው፤ በስክሪኑ ዳር ዳር ልዩ ልዩ መረጃ የሚያሳዩ ሠሌዳዎች ተደርድረዋል። በእጁ የያዘው ጠመንጃ ሳንጃ የተሰካበት ነው። ጭራቆቹ እንደ ሐውልት ቆመዋል፤ አይንቀሳቀሱም፤ አይዋጉም። ከወር ወር ሠሌዳዎቹ እየጠፉ፣ ግድግዳዎቹ እየረቀቁ፣ ሰፈሩም ሰፈርነቱን እየተወ ቤተ ፍዳ ወደ መሆን ሲለወጥ ይታያል። ሳንጃውም ጠመንጃውም ቀሩ። ጀግኖቹ ሁሉ ተጥለው ስም የሌለው አንድ ወታደር ብቻ ተረፈ፤ ቴይ ቴንጋም ቀርታ ነገሩ በማርስ ሁለት ጨረቃዎች በፎቦስና በዴይሞስ ላይ፣ በመጨረሻም በሲኦል ውስጥ እንዲፈጸም ሆነ። በኦገስት 1993 ባልንጀሮቹ ሆልን ከድርጅቱ እንዲለቅ ጠየቁት፤ እርሱም ለቆ አፖጂ ወደሚባለው ድርጅት ሄደ።

እኔ በዚህ ክርክር ፈራጅ ልሁን ብል፣ ለጨዋታው ካርማክና ሮሜሮ ትክክል ነበሩ እላለሁ፤ የሆል ሐተታ ሲነበብ ደስ ያሰኛል እንጂ፣ ሩጫውና ተኵሱ ሁሉ በጽሑፍና በንግግር ሲቋረጥ ዱም ዱም አይሆንም ነበር። ነገር ግን የተባረረው ሰው ሥራ ከሰውየው ጋር አልወጣም። ሆል ከለቀቀ በኋላ የተቀጠረው ሳንዲ ፒተርሰን፣ በ1981 «ኮል ኦፍ ክቱሉ» የተባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ የደረሰ ዕውቅ ሰው፣ በሃይማኖቱም የጸና ሞርሞን ነበር፤ የአጋንንት ሥዕል ኅሊናውን ያስጨንቀው እንደ ሆነ ቢጠየቅ፣ እነዚህ ሥዕሎች ብቻ ናቸው፣ ያውም የሚገደሉት ክፉዎቹ እነርሱ ናቸው ሲል መለሰ ይባላል። ይህ ሰው ጨዋታው ሊወጣ 10 ሳምንት ያህል ሲቀረው ገብቶ፣ ከ27ቱ ደረጃዎች 19ኙን አዘጋጀ፤ ከነዚህም 8ቱ ሆል ጀምሮ የተዋቸው ናቸው። ስለዚህ በዴይሞስ ምዕራፍ «ኮንቴይንመንት ኤሪያ» በሚባለው ደረጃ ውስጥ ሣጥኖች እስከ ጣሪያ የተከመሩበትን ሰፊ መጋዘን የሚያቋርጥ ተጫዋች፣ የሚራመደው በተጣለው «መጽሐፍ ቅዱስ» ፍርስራሽ ላይ ነው። ሌላው የጨዋታው ክፍል ምንን እንደሚመስል የማይታወቅ ሆኖ ሳለ፣ ይህ መጋዘን ብቻ መጋዘን መምሰሉ ከዚህ የመጣ ነው።

በኦክቶበር 1993 ለጋዜጠኞች የተዘጋጀ ቅጂ ወጣ፤ በእርሱም ውስጥ ከመጨረሻው ጨዋታ የተጣሉ ብዙ ዕቃዎች ይገኛሉ። የአጋንንት ጩቤ፣ የራስ ቅል ያለበት ሣጥን፣ የክፋት በትረ መንግሥትና ርኩስ መጽሐፍ በየስፍራው ተጥለው፣ ተጫዋቹ ሲያነሣቸው ነጥብ ይቈጠርለት ነበር፤ ነጥቡም ተጨማሪ ነፍሱም በየመጫወቻ ቤቱ ሳንቲም ከሚጎርሱት ማሽኖች የተወረሰ ልማድ ነውና ሁሉም አንድ ላይ ተጠርጎ ወጣ። ቢኤፍጂ የተባለው ታላቁ መሣሪያ በዚያ ቅጂ ውስጥ ሲተኰስ ቀይና አረንጓዴ የእሳት ኳሶችን እንደ በረዶ ያዘንባል፤ ሮሜሮ ኋላ ሲያስታውሰው የገና በዓል የመጣ ይመስል ነበር ብሏል። ያ ሁሉ ኳስ ኮምፒውተሩን ስላደከመው፣ ዛሬ በምናውቀው በአንድ ትልቅ አረንጓዴ ኳስ ተተካ።

በመጨረሻው ሥራ ውስጥ የቀሩት ነገሮችም ቢሆኑ ከወዴት እንደ መጡ ሲመረመር የሚያስገርም ነው። ከጭራቆቹ አንዳንዶቹን አድሪያን ካርማክና ሞዴል ሠሪው ግሬጎር ፑንቻትዝ በእጅ ቀርጸዋቸው፣ በልዩ ልዩ አንጻር ፎቶግራፍ እየተነሡ ወደ ኮምፒውተር ገብተዋል። ተጫዋቹ የሚይዛቸው ጠመንጃዎች ከሕፃናት መጫወቻ መደብር የተገዙ ናቸው፤ የሞተር መጋዙ ግን እውነተኛ ሲሆን የተዋሱትም ከቶም ሆል የሴት ጓደኛ ነበር። ከጭራቆቹ ድምፅ መካከል በድምፅ መዝገብ ተሽጦ የተገኘ የግመል ጩኸት አለበት፤ በግመል አገር ያደገ ሰው ቢሰማው ከመደንገጥ ይልቅ ሳይስቅ አይቀርም። በፎቦስ ምዕራፍ ከመስኮቱ ባሻገር የሚታዩት ጭጋግ የለበሱ ሾጣጣ ተራሮች ደግሞ፣ ነፋስ እንኳ የሌለባት የማርስ ጨረቃ እንዲህ ያለ መልክ ስለሌላት፣ ከቻይና ከጉይሊን አካባቢ ከያንግሹዎ ከተነሣ ፎቶግራፍ የተወሰዱ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ እኔን ደስ የሚያሰኘኝ ግን ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲታለፍ የሚመጣው የዴይሞስ ካርታ ነው። የዚያ ምዕራፍ መጨረሻ «የባቢሎን ግንብ» ይባላል፤ ተጫዋቹ አንዱን ደረጃ ጨርሶ ወደ ሌላው ባለፈ ቍጥር፣ በካርታው ጥግ ላይ ግንቡ ጥቂት በጥቂት ከፍ ሲል ይታያል። ማንም አይነግረውም፤ ውጤቱን ለማየት ሲቸኵል ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል፤ የሚያስተውል ግን ወደ ፊት የሚጠብቀው ጠላት ቤቱን እየሠራ መሆኑን ያያል።

በ1993 ዲሴምበር 10 ቀን፣ በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 1 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ የጨዋታው የመጀመሪያ ምዕራፍ 9 ደረጃዎች በነጻ ለሕዝብ እንዲዳረሱ ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሊላኩ ተነሡ። የሚጠባበቀው ሕዝብ መሥመሩን አስቀድሞ ስለ ሞላው ሠሪዎቹ ራሳቸው መግቢያ አጡ። ከዚያ በፊት በነበረው የጥበቃ ጊዜ አድናቂዎች ያወሩት የነበረ አንድ ቀልድ ደግሞ በጨዋታው ውስጥ ተሰውሮ ወጣ፤ ይኸውም ዱም ባይመጣ «ዱባዎችን ሰባብሮ ትናንሽ የበሰበሰ ፍርስራሽ ክምር ማድረግ» የሚባል ጨዋታ እንጫወታለን የሚል ነበር። ሠሪዎቹም የዚያን ረጅም የእንግሊዝኛ ስም መነሻ ፊደላት ወስደው፣ በግድግዳ ውስጥ የሚያሳልፈውን የምስጢር ቃል አደረጓቸው።

እስከዚህ ያለው የማንኛውም ጨዋታ ታሪክ ሊሆን ይችላል፤ ዱምን ከሌሎቹ የለየው ግን ካርማክ አስቀድሞ የወሰነው አንድ ነገር ነው። «ዎልፈንስታይን» በወጣ ጊዜ አንዳንድ ተጫዋቾች ማንም ሳያስተምራቸው ፋይሉን ሰብረው ሥዕሉን ሲለዋውጡ አይቶ ስለተደሰተ፣ በዱም ውስጥ ሥዕሉን፣ ድምፁንና ደረጃውን ሁሉ ጨዋታውን ከሚያስኬደው ፕሮግራም ለይቶ ዋድ በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ አስቀመጠው። ከባልደረቦቹ አንዳንዶቹ ሰው የእኛን ንብረት እንዲበረብር በር መክፈት ነው ሲሉ ሠጉ፤ እርሱ ግን አልተመለሰም። በጃንዋሪ 1994፣ ጨዋታው ከወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ሰዎች ይህን ፋይል የሚከፍትና ደረጃዎቹን የሚያርም መሣሪያ ሠሩ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በዱም ውስጥ የተሰወረ ነገር ሁሉ የሚመረመርበት ጊዜው እንጂ መመረመሩ አጠራጣሪ አልነበረም፤ የሌላው ጨዋታ ምስጢር ከሠሪዎቹ ጋር ሲያረጅ፣ የዚህኛው ለመጣው ሁሉ ክፍት ሆኖ ቆየ።

በዚያው በ1994 ከጨዋታው አንድ ነገር ታርሞ ወጣ። በመጀመሪያው ምዕራፍ አራተኛ ደረጃ መጨረሻ ገደማ ያለው የግድግዳ መተላለፊያ፣ ከላይ በካርታ ሲታይ ሆን ተብሎ የናዚዎችን መስቀል እንዲመስል ተሠርቶ ነበር፤ ያሰቡት ለቀድሞው ለ«ዎልፈንስታይን» ማስታወሻ እንዲሆን ነው። ነገር ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋ አንድ አርበኛ ስላዘነበት ቅርጹን ለወጡት። ዛሬ አዲሱን ቅጂ የሚጫወት ሰው እዚያ የሚያገኘው ትርጕም የሌለው ጠማማ ግድግዳ ነው፤ ምክንያቱን የሚያውቀው የቀድሞው ቅጂ ያለው ብቻ ነው።

በኦክቶበር 1994 «ዱም 2» ወጣ፤ በዚህም ሠሪዎቹ በመሰወር ጥበብ እጅግ በርትተው እናገኛቸዋለን። መንገዱን ለሚያውቅ ብቻ የሚከፈቱት 31ኛውና 32ኛው ደረጃዎች ተጫዋቹን ከሲኦል አውጥተው ወደ ድሮው ወደ «ዎልፈንስታይን» ምሽግ፣ ከነሰማያዊው ግድግዳና ከነናዚ ወታደሮቹ ይመልሱታል። በ32ኛው መጨረሻ ላይ አራት ትናንሽ ሕፃናት የራስ ቍራቸውን እንደ ደፉ በገመድ ተሰቅለው ይወዛወዛሉ፤ አራቱም ኮማንደር ኪን ናቸው። መውጫው እንዲከፈት ተጫዋቹ አራቱንም ተኵሶ መጣል አለበት። ቶም ሆል ከለቀቀ ገና ዓመት አልፎት ነበርና፣ የእርሱን ልጅ በዚያ ማግኘት ቀልድ ነው ቢባልም፣ የድርጅቱን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ስቆ ብቻ የሚያልፈው አይመስለኝም። የሕፃኑን ሳቂታ መልክ አድሪያን ካርማክ ከቀድሞም አይወደውም ነበር ይባላል።

የመጨረሻው ጠላት ከሁሉ የባሰ ምስጢር ይዟል። በ30ኛው ደረጃ በግድግዳ ላይ የተሣለ ታላቅ የፍየል መልክ ያለው የጋኔን ፊት አለ፤ ከግንባሩ ቀዳዳ ጭራቆችን ይተፋል፤ ተጫዋቹም በሚወጣና በሚወርድ መድረክ ላይ ቆሞ ሮኬት ወደዚያ ቀዳዳ ማስገባት አለበት። ሠዓሊዎቹ ከሮሜሮ ተሰውረው በግድግዳው ጀርባ፣ ማንም በማያየው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የገዛ ራሱን የሮሜሮን ራስ በእንጨት ላይ ሰክተው አስቀመጡት። ሮሜሮም ደረጃውን ሲፈትን በግድግዳ ውስጥ ቢያልፍ ከገዛ ራሱ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ቢቈጣ ማንም ባልፈረደበት ነበር፤ እርሱ ግን በዜማ ደራሲው በቦቢ ፕሪንስ ረዳትነት ጨዋታውን ለማሸነፍ እኔን ጆን ሮሜሮን መግደል አለባችሁ የሚል መልእክት ቀዳና፣ ድምፁ ወደ ኋላ ተገልብጦ የጋኔኑ ጩኸት እንዲሆን አደረገ። ስለዚህ ተጫዋቾች የጋኔን ቋንቋ ነው ብለው የፈሩት ያ ጩኸት የሠሪው ኑዛዜ ነበር፤ ሮኬታቸውም በእውነት የሚፈነዳው በእርሱ ራስ ላይ ነው። ይህም ቢሆን ብዙ ጊዜ አልቆየም፤ ዋዱን የሚከፍቱት ሰዎች ድምፁን መልሰው ቢገለብጡት የሰው ቃል ወጣ።

ሮሜሮ በ1996 ከኢድ ወጥቶ ከቶም ሆል ጋር በዳላስ አዮን ስቶርም የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ በዚያም የሠራውን ጨዋታ «ዳይካታና» አለው። ያን የካርማክን ዓለም ያስጠፋው ሰይፍ በ2000 ጨዋታ ሆኖ ቢወጣ ለሮሜሮም አልበጀውም።

በ1997 ኤፕሪል ሚድዌይ ያወጣው «ዱም 64» የተጣለውን አንሜከር ከሐተታው ገጽ አንሥቶ በተጫዋቹ እጅ አኖረው፤ በድብቅ ደረጃዎች የተሸሸጉ 3 የአጋንንት ቍልፎች የተሰበሰቡለት እንደ ሆነ ኃይሉ ይበረታል። በዚያው ዓመት በዲሴምበር 23 ካርማክ የቀረውን አንድ በር ከፈተ፤ የጨዋታውን ሶርስ ኮድ ለሕዝብ በነጻ ሰጠ። ይህም ራሱ ከተቈረጠ ነገር አልዳነም፤ ድምፅ የሚያወጣው ክፍል የሌላ ሰው ንብረት ስለነበረ ተለይቶ ወጣና፣ ኮዱን የተቀበሉት ሰዎች ዱምን ያገኙት ዲዳ አድርገው ነው፤ ድምፁን ራሳቸው እንደገና ጻፉለት። ከዚያ በኋላ ዱም ያልገባበት መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል።

ሮሜሮ ግን ከዱም ርቆ አልቀረም። በ2014 ዲሴምበር 10፣ ጨዋታው 21 ዓመት በሞላው ዕለት፣ ከሣጥኑ ሥር ሲያቆያቸው የነበሩትን ማንም ያላያቸውን የዱም ሥዕሎች ለሕዝብ አሳየ፤ በ2016 ጃንዋሪም ለመጀመሪያው ምዕራፍ መዝጊያ የሚሆን አዲስ ደረጃ ሠርቶ በነጻ ሰጠ። በዚያው ዓመት ኢድ ሶፍትዌር ባወጣው አዲሱ «ዱም»፣ ተጫዋቹ የተሸሸገውን ማንሻ አግኝቶ ቢስበው ግድግዳ ይከፈትና በ1993 የተሠራው አሮጌ ክፍል፣ ከነደብዛዛ ሥዕሉ፣ በአዲሱ ውስጥ ቆሞ ያገኘዋል።

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ ሰው አውቆ የጣለው ወይም አውቆ የደበቀው ነው፤ በስሕተት የተሰወረው የተገኘው ከሁሉ በኋላ ነው። «ዱም 2» እያንዳንዱ ደረጃ ሲያልቅ ተጫዋቹ ከምስጢራዊ ስፍራዎቹ ስንቱን በመቶ እንዳገኘ ይነግረዋል። ሮሜሮ በሠራው በ15ኛው ደረጃ ግን ማንም ሰው ያለ ማጭበርበሪያ ቃል 100 ሞልቶለት አያውቅም ነበር፤ ምክንያቱም ከምስጢሮቹ አንዱ ወደ ሌላ ቦታ በሚያፈልሰው ቴሌፖርተር ላይ ስለተቀመጠ፣ ተጫዋቹ ወደዚያ እግሩን ባነሣ ጊዜ ስፍራው ገባ ብሎ ሳይቈጥርለት አስቀድሞ ይወስደዋል። ካርታውን በኮምፒውተር ከፍቶ የተመለከተ ሁሉ ስሕተቱን ያያል፤ ሲጫወት ግን ሊያልፈው አይችልም ነበር። በ2018 ኦገስት ዜሮ ማስተር በሚል ስም የሚታወቅ አንድ ተጫዋች፣ ፔይን ኤሌሜንታል የተባለውን በራሪ ጭራቅ ረዳት አድርጎ ቴሌፖርተሩ ሳይወስደው ወደዚያ ስፍራ ገባ፤ ደረጃውንም ሲጨርስ ስክሪኑ ላይ 100 ተጻፈለት። ጨዋታው ከወጣ 24 ዓመት ሊሆነው ነበር። ሮሜሮም ይህን ሰምቶ እንኳን ደስ ያለህ አለው፤ ከራሱ የድሮ መልእክት ጋር እያስማማም፣ ጨዋታውን ማሸነፍ ማለት በ15ኛው ደረጃ መቶ በመቶ ማግኘት ነው ሲል ቀለደ።

በ2020 «ዱም ኢተርናል» ሲወጣ አንሜከር እንደገና መጣ፤ የእንግሊዝኛው አጻጻፉ በጥቂቱ ቢለወጥም ያው ሆል በ1992 በሐተታው የጻፈው መሣሪያ ነው። በጀግናው ምሽግ ውስጥ ተቈልፎ የተቀመጠ ሲሆን፣ ሊያወጣው የሚፈልግ ሰው በልዩ ልዩ ደረጃዎች ከተሸሸጉት የፈተና በሮች 6 ቍልፎች ማምጣት ይኖርበታል።